በጋሽ ክፍሌ ግራ የተቀመጠው

ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እየሰፋሁ ሳለ እትዬ አስካለ መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆመች፣ አልገባችም፣ ሰላምም አላለችኝም፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላ ታየኛለች፣ እግሬ ከመርገጫው ላይ ደርቆ ቀረ፤ ሰው እንደዚያ ሆኖ በር ላይ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ አውቃለሁና። «የጋሽ ክፍሌ ዳዊት» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ማታ ከሐዋሳ ሲመጣ መኪናው ተገልብጦ። አባትየው አልሰሙም።»

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ወሎ ነው የተወለድኩት፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር፣ ፒያሳ በትዳር ከመጣሁ ግን የዕድሜዬ ግማሽ አልፏል፣ ሶላቴን እሰግዳለሁ፣ ጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ሕልም አላስፈታም፣ ሰው ሙት አየሁ ሲለኝ «ሩሕ ከወጣች በኋላ በርዘኽ ናት፣ ሙታን እስከ ትንሣኤ በሚቆዩበት፣ ፒያሳ ምን ቀርቶባት ትመለሳለች» እያልኩ የምስቅ ነበርኩ። ጂን የለም አልልም፣ ያንን መካድ አልችልም፣ የሞተ ሰው ተመልሶ ይመጣል የሚለውን ግን ዛሬም አላምንም። ወላሂ ማለት ለእኔ ቀላል ነገር ስላልሆነ አልምልላችሁም፣ ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም ብዬ ነው የማወራችሁ፣ እንዲያውም እንቅልፍ የነሳኝ ያላየሁት ነው።

ጋሽ ክፍሌ ጎረቤታችን ናቸው፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሚስታቸው ቀደም ብለው ያረፉ፣ ከዳዊት በቀር ልጅ የሌላቸው። እኚህ ሰው በዚህ ዓለም ሁለት ነገር ነበራቸው፣ አንዱ ዳዊት ሌላው የሰፈራችን የቅርጫት ኳስ ክለብ፣ ስሙን አልጠራም፣ የአራዳ ሰው ያውቀዋል። ዳዊትን ገና በጡጦ እያለ ነው ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ሜዳ መውሰድ የጀመሩት፣ ከዚያ ወዲህ ክለቡ በሜዳው ሲጫወት አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሳይቀመጡ ያለፈ ጨዋታ ትንሽ ነው፣ ልጁ ሐዋሳ ሥራ ይዞም እንኳ ለሜዳ ጨዋታ ይመጣል፣ አባቱ ቀኝ እሱ ግራ። ክለቡ ዘንድሮ ክፉ ዓመት ነበር ያሳለፈው፣ ደሞዝ እየዘገየ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቹ ሄደውበታል፣ የዚያን ቅዳሜ ከተሸነፈ ከሊጉ መውረዱ ነው፣ እና ዳዊት ዓርብ ከሥራ ሲወጣ በማታ መንገድ የጀመረው ለዚሁ ጨዋታ ነበር።

እትዬ አስካለ ቤት ተሰበሰብን፣ የእድሩ ትልልቅ ሰዎች፣ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም የገቡት ሳይቀሩ ታክሲ ይዘው መጡ። ሬሳው የሚደርሰው ሌሊት ነው ተባለ፣ እህታቸው ከደብረ ብርሃን የምትገባው ማታ ነው፣ ሰውየው የደም ግፊት አለባቸው፣ መርዶ ደግሞ ሲነጋጋ ነው እንጂ በቀን ብርሃን ሜዳ ለሜዳ አይነገርም፣ ስለዚህ ለእሑድ ማለዳ ይሁን ተባለ። እኔ ብቻ ነበርኩ አይሆንም ያልኩት። እናቴ ሐይቅ ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበርኩና «ትውለድ፣ ትጠንክር» ተብሎ ከእኔ ተደብቆ ነው የከረመው፣ ሳምንታት ሙሉ እየሳቅሁ ስበላ ስጠጣ እናቴ አፈር ውስጥ ነበረች፣ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ሰውን በራሱ ሐዘን ላይ እንግዳ ማድረግ ደግ አይደለም አልኳቸው። እትዬ አስካለ ሰማችኝና «ዘሃራዬ፣ ልክ ነሽ» አለች፣ «ግን ይቺን አንድ ከሰዓት በኋላ እንስጣቸው። ከነገ ወዲያ ኳስ የሚባል ነገር አያዩም።» 

ችግሩ ጋሽ ክፍሌ ሜዳ መሄዳቸው የማይቀር መሆኑ ነው፣ ሜዳ ላይ ደግሞ የሰማ ሰው ሊኖር ይችላል፣ አንዱ «ነፍስ ይማር» ቢላቸው አለቀ። ስልካቸውን አስካለ ቻርጅ ላድርግልዎ ብላ ወስዳለች፣ ጎናቸው ተቀምጦ ሰው የሚያርቅ ግን ያስፈልግ ነበር፣ ወንዶቹ ፊታቸው ያስታውቃል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ እና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንቺ ረጋ ያልሽ ነሽ፣ ፊትሽ አይናገርም አሉኝ። ኳስ በቴሌቪዥን እንኳ አይቼ የማላውቅ ሴት ዙህርን ሰግጄ፣ ዐሥርንም ወዲያው ሰዓቱ እንደገባ ሰግጄ፣ ሻርፔን አጥብቄ ወጣሁ።

ጋሽ ክፍሌ ሲያዩኝ በሳቅ ሞቱ። አሮጌ ማሊያቸውን ሹራብ ላይ ደርበው፣ የክለቡን ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው በር ላይ ቆመዋል። «ዘሃራ ኳስ ልታይ ከወጣች ዛሬ ዳኛውም ይሰልማል» አሉኝ። ከሱቅ እንዴት እንደወጣሁ ሲጠይቁኝ መብራት ጠፍቷል አልኳቸው፣ እውነትም ጠፍቶ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ውሸት ምላሴ ላይ ስለሚከብደኝ መንገዱን ሁሉ እውነት ስፈልግ ነው የሄድኩት። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቴዎድሮስ ቁልቁል ስንወርድ ዳዊት ለምን ስልክ እንደማያነሳ ጠየቁኝ፣ «እትዬ አስካለ መኪናው ተበላሽቶበት ነው ብላለች» አልኩ፣ ብላለች ነዋ፣ እሳቸውም ያቺን አሮጌ መኪና ሽጣት ብዬው ነበር ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ደግሞ «ይደርሳል፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይም ቢሆን ይደርሳል» አሉና ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመሩ። 

ሜዳው ጣራ አለው፣ ግድግዳው ግን ከወገብ በላይ ክፍት ነው፣ ሰው የሚቀመጠው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ካርቶን እያነጠፈ ነው። ጋሽ ክፍሌ ቦታቸው የታወቀ ነው፣ ወጣቶቹ «ፋዘር መጣ» እያሉ አሳለፉን፣ እኔን በቀኛቸው አስቀመጡኝ፣ በግራቸው አንድ ካርቶን አነጠፉና ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ላዩ ላይ አጥፈው አስቀመጡ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ጨዋታው ተጀመረ፣ እኔ ጨዋታውን ሳይሆን ሰዉን ነበር የምጠብቀው፣ አንድ ሰው ወደ እሳቸው ጠጋ ሲል ጋቢያቸውን ላስተካክል እያልኩ መሐል እገባለሁ። የእኛ ክለብ ይመራል፣ ከበሮው ይመታል፣ ጋሽ ክፍሌ ዳኛውን «ምሳ ከነሱ ጋር ነው የበላኸው እንዴ» ይሉታል፣ ኋላችን ያለው ሁሉ ይስቃል። እንግዳው ቡድን ኋላ ላይ በረታና የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል በብዙ ነጥብ በልጦን ነበር፣ ሰዉም ዝም ዝም ማለት ጀመረ፣ ያን ጊዜ ነው በጋሽ ክፍሌ ግራ ሰው መቀመጡን ያወቅሁት።

እንዴት እንደመጣ አላየሁም። እኔ ወንድ ፊት ላይ ዓይኔን የምተክል ሴት አይደለሁም፣ ልጅ ሆኜ እንዲህ ነው ያደግሁት፣ ዓይኔ ሲዞር ወደ ታች ነው የሚዞር፣ ያየሁትም ጫማውን ነው። ጥቁር የወንድ ጫማ፣ እርጥብ፣ እስከ ማሰሪያው ድረስ ጭቃ የበላው፣ ማሰሪያው ላይ አንዲት ዘለላ ቄጠማ ተጣብቃለች። ወሩ የካቲት ነበር፣ እመኑኝ ከተማው አቧራ በአቧራ ነው፣ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። በአትክልት ተራ በኩል የመጣ ይሆናል አልኩ፣ እዚያ የፈሰሰ ውሃና የረገፈ ጎመን አይጠፋም፣ ቄጠማውንም አንዱ ድግስ ቤት ረግጦት ይሆናል አልኩ። ሽታው ግን የአትክልት ተራ አልነበረም። ከሐይቅ ዳር ያደገ ሰው የሐይቅ ዳር ጭቃ ሽታ አይጠፋውም፣ ያ የውሃና የበሰበሰ ሣር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ለአንድ አፍታ እናቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

ጋሽ ክፍሌ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ ከኪሳቸው ያወጡትን ቆሎ በመዳፋቸው ይዘው ወደ ግራ ዘረጉ። መዳፋቸው ሲመለስ ቆሎው ጎድሏል። ከዚያ ቆሎ ሲቆረጠም ሰማሁ፣ አስቡት፣ ከበሮ እየተመታ፣ ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ፣ እኔ ቆሎ ሲቆረጠም እሰማለሁ።

እረፍት ሆነ። ሰዉ ሻይና ውሃ ፍለጋ ወረደ፣ ከበሮውም ቆመ፣ ያኔ ኳስ ስትነጥር ሰማሁ፣ አንዲት ኳስ ብቻ፣ ቀስ እያለች፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እግሬ ሥር ባለው ሲሚንቶ ሁሉ ትሰማኛለች። ቀና ብዬ ሜዳውን አየሁ። ማንም የለም። ኳሶቹ መረብ ውስጥ ታስረው ከወንበሮቹ ሥር ናቸው። አያተል ኩርሲን፣ ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርአን አንቀጽ፣ በውስጤ መቅራት ጀመርኩ፣ መሐል ላይ ሳለሁ ከጋሽ ክፍሌ ማዶ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ መጣ፣ ቃሉን አልሰማሁትም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት፣ የማይቸኩል፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ያለ። ድምፁ ሲቆም ጋሽ ክፍሌ «እሺ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። አልዞሩም፣ ዓይናቸው ባዶው ሜዳ ላይ ነው፣ ቆሎው ከመዳፋቸው እየፈሰሰ እግራቸው ሥር ይረግፋል።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆንኩ» አሉ። «ይጀመራል አሁን።»

ያኔ ቀና ብዬ ወደ ግራቸው ባይ ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። አላየሁም። ይሉኝታ ነው ልበል ፍርሃት፣ አንገቴ እምቢ አለኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር እኚህ ሰው ሌላ ሰው ሆኑ። ተነስተው ቆሙ፣ ከዚያ በኋላም አልተቀመጡም፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፣ የደከመውን ሰው በስሙ እየጠሩ አበረታቱ፣ ያቀረቀረውን ሰፈር ሁሉ አስነስተው አስጨበጨቡ፣ ወጣቶቹ «ፋዘር ዛሬ ምን በልቷል» ይባባላሉ፣ እኔ ደግሞ ግፊታቸውን እያሰብኩ ጋቢያቸውን ጎተት አደርጋለሁ። ክለቡም ተነሳ፣ ነጥቡ ጠበበ፣ እኩል ሆነ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ረጅም ልጃችን ከሩቅ ሦስት ነጥብ ወረወረ፣ ኳሷ ቀለበቱ ላይ ዞራ ገባች፣ ፊሽካ ተነፋ። አሸነፍን። ያ ጣራ እንዴት እንዳልተነሳ አላህ ይወቀው፣ ሰው ሰው ላይ ወደቀ፣ የማላውቃት ሴት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ጋሽ ክፍሌ ተቀመጡ። ሁሉ ሲቆም እሳቸው ተቀመጡ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፣ ትከሻቸው እየተናጠ፣ ድምፅ ሳያወጡ። ወጣቶቹ አዩዋቸው። «ፋዘር እያለቀሰ ነው» ብሎ አንዱ ጮኸ፣ ሌሎቹ መጡ፣ እንዲህ ክለቡን የሚወድ ሰው የታለ እያሉ ከነጋቢያቸው አንስተው ትከሻ ላይ አወጧቸው። ተዉዋቸው ብዬ ለመንኩ፣ «ማዘር፣ የደስታ ነው፣ ተያቸው ያልቅሱ» አለኝ አንዱ፣ እሱም ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ምን ብዬ ላስረዳው። እሳቸው ከላይ አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፣ ከበሮው ይውጠዋል፣ ሰዉ ጩኸታቸውን ተቀብሎ ይዘፍናል፣ ስልኩ ሁሉ ይቀርጻል፣ እኔ ብቻ ነኝ እዚያ መሐል ልቅሶ ያየሁት። ዞር ብዬ የግራውን ቦታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ማንም የለም። ሻርፑ እንደታጠፈ ነው። እጄን ሰደድኩ፣ ካርቶኑ ርሶ ነበር። ሰው ውሃ ደፍቶበት ይሆናል። ይሆናል እላለሁ።

ስንመለስ እሳቸው ከፊት ከፊት ሄዱ፣ እኔም የማወራው እውነት አልቆብኝ ነበር። በራቸው ላይ ስንደርስ ከእሳቸው ጋር ስለዋልኩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉኝና ትንሽ ቆም ብለው «ነገ በማለዳ ትመጫለሽ አይደል?» አሉኝ። ኢንሻአላህ አልኩ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ መግሪብን ስሰግድ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፍቶኝ ደገምኩት።

ሱብሒን ሰግጄ ወጣሁ። እትዬ አስካለ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ማታ የገባችው እህታቸው፣ ሁላችንም ከየቤታችን ወጥተን ድምፅ ሳናሰማ ግቢው ደረስን፣ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ፣ ማን እንደሚይዛቸው፣ ማን ውሃ እንደሚያቀርብ ተመካክረናል። በሩ ክፍት ነበር። መብራቱ በርቷል። ሶፋው ተነስቶ ግቢ ወጥቷል፣ ጠረጴዛው ተጠግቷል፣ ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ተዘርግቷል፣ ለልቅሶኛ እንደሚሆነው፣ ጋሽ ክፍሌ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ለብሰው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ሶፋውን ብቻቸውን እንዴት እንዳወጡት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ግቡ» አሉን። «በር ላይ አትቁሙ፣ ብርድ ነው።»

እህታቸው እዚያው ደጃፉ ላይ ወደቀች፣ ለቅሶው የተጀመረው ያኔ ነው። ማን እንደነገራቸው አስካለ እያለቀሰች ጠየቀቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ሁሉም እኔን አየኝ፣ እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ። ጋሽ ክፍሌ «ዘሃራን አታስጨንቋት» አሉ። «እረፍት ላይ ጎኔ የተቀመጠው ነው የነገረኝ። ዳዊት አልፏል፣ ነገ በማለዳ ይነግሩሃል፣ እስከዚያ ጨዋታህን ጨርስ አለኝ። እሺ አልኩት።»

«ማን ነው እሱ?» አለች አስካለ።

«ዞሬ አላየሁትም» አሉ። «ብዞር የሚሄድ መሰለኝ።»

ከዚያ እኔን ቀና ብለው አዩኝና እኔ ለእሳቸው ብዬ ስጨነቅ እሳቸው ደግሞ ማወቃቸው እንዳይገባኝ ለእኔ ብለው ሲጮኹ መዋላቸውን ነገሩኝ። ሌላውን ለቅሶው ዋጠው።

ሬሳውን ያመጡት ሰዎች ከቀብር በኋላ ሲያወሩ ነው መኪናው የተገለበጠው ዝዋይ አካባቢ ከሐይቁ ዳር መሆኑን የሰማሁት፣ ልጁን ከቄጠማው ውስጥ ነው ያወጡት። ስሰማ የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ፣ ሰዎች ከድካም ነው አሉ። የጫማውን ነገር ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ ልቤ የሚፈልገው ሰው ነው። የሰማ ሰው፣ አፉ ያላስቻለው፣ አዝኖላቸው በእረፍቱ ጠጋ ብሎ የነገራቸው፣ ጫማው በቆሻሻ ውሃ የራሰ፣ የሆነ ሥጋ ለባሽ ሰው። ሰፈሩን ጠየቅሁ፣ ወጣቶቹን ጠየቅሁ፣ ፋዘር ግራ ማን ተቀምጦ ነበር ስላቸው አንዱ አንድ ሰውዬ ነበረ ይለኛል፣ ሌላው ለዳዊት የተያዘ ቦታ ላይ ማን ደፍሮ ይቀመጣል ይለኛል። ጋሽ ክፍሌ ደግሞ መጠየቄን ሰምተው አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጡና «ተይው ዘሃራዬ» አሉኝ፣ «ልጄ ደርሶልኛል፣ ይበቃኛል» አሉኝ። ሰርክ ይህንኑ ይዘው ይተኛሉ፣ ይህንኑ ይዘው ይነሳሉ፣ ምግብ መብላት የጀመሩትም በዚሁ ነው። እኔ ግን ጉድ ሆኛለሁ፣ ሃይማኖቴ የሚለኝን አውቃለሁ፣ አፍንጫዬ ያሸተተውንም አውቃለሁ፣ ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶኝ ሌሊት ቁጭ እላለሁ።

እንግዲህ የዚያን ቅዳሜ ሜዳ የነበራችሁ፣ ከበሮው በሚመታበት በኩል ደረጃው ላይ የተቀመጣችሁ ወይም ከማዶ ሆናችሁ በስልክ የቀረጻችሁ፣ እባካችሁ የእረፍቱን ሰዓት ፈልጉልኝ፣ ጋቢ የያዙ ሽማግሌና ሻርፕ ያሰረች ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ፣ ከሽማግሌው በግራ ያለውን ተመልከቱልኝ። እዚያ ተቀምጦ የነበረውም ይህን የሚያነብ ከሆነ አልቆጣውም፣ ሱቄ መጥቶ እኔ ነኝ ይበለኝ። ወደ እኔ ብቻ ኑ። ጋሽ ክፍሌ ዘንድ ግን እንዳትሄዱ።